የሴቶቹ ጓሮ

ከመቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ሶር ወንዝን ቁልቁል በሚያይ ተረተር ላይ አንድ ግራዝማች ይኖሩ ነበር። ዘመኑ ባሮ በክረምት ሲሞላ መርከብ ከሱዳን እስከ ጋምቤላ የሚመጣበት፣ የጎሬ ነጋዴም ቡናውን በበቅሎ ጭኖ በቡሬ በኩል ወደ ቆላው የሚያወርድበት ነው። ግራዝማች መሬታቸው ሰፊ ነው። መሬቱን የሞላው ቡና ግን ሰው ያልተከለው፣ ወፍና ጦጣ የዘሩት የጫካ ቡና ነበር፤ ይህ ነገር ያሳፍራቸዋል። ጌታ ሰው ጦጣ የዘራውን ለቅሞ ሀብታም ተባለ መባል አልፈለጉም።

ስለዚህ ከሩቅ አገር ዘር አስመጡ። የዘሩ ስም ትልቅ ነው። ጫካው ተመነጠረ፤ በገመድ እየተለካ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት እስከ ወንዙ አፋፍ ተተከለ። ለማሳው አለቃ ተሾመለት። ጸሐፊም ተቀጠረ፤ ትልቅ መዝገብ ይዞ የየረድፉን ችግኝ ብዛት፣ የተተከለበትን ቀን፣ የበላውን ፍግ ሳይቀር ይጽፋል። ግራዝማች ማዕረጋቸው ከሚፈቅደው በላይ ትልቅ ቤት ይወዱ ነበርና በጅሮንድም ባልደራስም አጋፋሪም ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ በረንዳው ላይ ቡና ይፈላል፤ ግራዝማች ማሳውን በከዘራቸው እያሳዩ ስለ ዘሩ አገር ያወጋሉ። እንግዳውም ይደነቃል። የሚጠጣው ቡና ከየት እንደመጣ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ሴቶች ወደዚያ ማሳ አይገቡም። የወጣ ሕግ አልነበረም፤ አንድ ቀን ግራዝማች «ይህ የወግ ቦታ ነው፤ ለእናንተ ጓሮው አለላችሁ» አሉ፣ በዚያው ቀረ።

ጓሮው ከቤቱ ጀርባ ነው። አመድ የሚደፋበት፣ አተላ የሚፈስበት፣ ጎመንና ገሾ፣ ጤና አዳምና እንሰት ተደባልቀው የበቀሉበት። የግራዝማች እግር ረግጦት አያውቅም። ሴቶቹ እንጨት ለቀማ ጫካ በወረዱ ቁጥር ከወደዱት የቡና ዛፍ ሥር የበቀለች ችግኝ ነቅለው፣ ሥሯን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያመጣሉ። አንዷ ሌሊት አበባው የሚያውደውን መረጠች። አንዷ እሸቱ ሲመጠጥ የሚጣፍጠውን። የአጋፋሪው ሚስት ልጅ በጀርባዋ አዝላ የምትለቅም ስለሆነች ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚዘረጋውን ፈለገች። የባልደራሱ እኅት ደግሞ ምክንያት አልነበራትም፤ ዛፏ የቆመችበት ቦታ ደስ ብሏት ነው፣ በቃ።

የበጅሮንዱ ልጅ ከሁሉም ትለይ ነበር። አባቷ ወንድሟን ሒሳብና ንባብ ሲያስተምር መጋረጃ ጀርባ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች፤ ወንድሟ ሲሳሳት ከመጋረጃው ጀርባ ታርመዋለች። አባትየው ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ምነው ይቺን ወንድ ባደረጋት!» ይል ነበር፤ ምርቃት መስሎት።

ለየዛፉ ስም አወጡ። በዓመት እየዘለለች የምታፈራዋ «አኩራፊዋ» ተባለች። በመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉ ቀድማ የምታብበው «ማለዳ ተነሺ» ሆነች። ፍሬ ሞልቷት አጎንብሳ የምትውለዋ «ምራት» ተባለች። ከስሙ ግጥም ወጣ። አንዷ በአኩራፊዋ አሳብባ ያኮረፈ ባሏን ሁለት መስመር ትገጥምለታለች፤ ሌላዋ ከማድ ቤት በሁለት መስመር ትመልሳለች። ፊት ለፊት መናገር ነውር በሆነበት ነገር ሁሉ በቡና እያሳበቡ ይነጋገሩ ነበር፤ ስለ ባል፣ ስለ ጣውንት፣ ስለ ሞተ ልጅ። ግጥሙን የምታደርሰው አንዲት ልጅ ናት። የአበባ ዘለላ በእጇ፣ ግጥሙን በአፏ ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል ትሮጣለች፤ አንድ ቃል አትጥልም።

ልጅቱ ከሩቅ ተሽጣ የመጣች ናት። በስንት እጅ እንዳለፈች ራሷም አታውቀውም። አገሯን፣ እናቷን፣ ስሟን ሳይቀር ስለወሰዱባት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ የሰማችውን ነገር ሁሉ አጥብቃ ያዘች። የትኛዋ ችግኝ ከየትኛው ምንጭ አጠገብ እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣት፣ ስትመጣ ምን ተብሎ እንደተገጠመላት፣ የእናት ዛፏ መልክ ምን እንደሚመስል ጠይቋት፤ ትነግራችኋለች። የጠየቃት ግን የለም።

አንድ ሌሊት የማሳው አለቃ ችግኝ በቡትቶ ጠቅልሎ ወደ ጓሮው ገባ። እሱም ከጫካ የወደዳት ዛፍ ነበረችው፤ ፊት ለፊት ከተሰለፈው ዘር መሐል ሊተክላት ደግሞ ጌታው አይፈቅዱም። አፈሩን ሲያለብስ ሴቶቹ ያዙትና ሳቁበት። «አደራችሁን፣ የጠየቀ ካለ የእኅቴ ናት በሉ» አላቸው። የእኅቱ ናት ተባለች።

ጸሐፊው ዓመታዊ ቆጠራ ሲያደርግ ስለ ጓሮው አንድ መስመር ይጽፋል፦ «ጓሮ፤ የሴቶች፤ አይቆጠርም።»

በሰባተኛው ዓመት ከዝናቡ ጋር አንድ ነገር መጣ። ገና አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ ጎድጎድ ብሎ ይሰፋል፤ ፍሬው ሳይቀላ ጠቁሮ ይረግፋል፣ ወይም እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይቀራል። ከወንዙ አፋፍ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ወደ ቤቱ ወጣ። ሁሉም አንድ ዘር ነውና አንዱን የገደለ ሌላውን የሚምርበት ምክንያት አልነበረውም። ጠበል ተረጨ፤ በግ ታረደ፤ የሩቁ አገር ሰው በደብዳቤ ተጠየቀ። ጸሐፊው የየረድፉን አሟሟት ከነቀኑ፣ አንድም ሳይሳሳት መዘገበ።

በዚያ ዓመት አንድ ሽማግሌ እንግዳ በረንዳው ላይ ሁለተኛውን ስኒ ከጠጡ በኋላ አፋቸውን ጠረግ አድርገው «ግራዝማች፣ ማሳዎ እንዲህ ሆኗል፤ ታዲያ ይህ ቡና ከየት መጣ?» አሉ።

ግራዝማች ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ከጓሮ ነው ጌታዬ» አሉ ወይዘሮዋ። «ድሮም ከጓሮ ነበር።»

ግራዝማች ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። አመዱን ረግጠው፣ አተላውን ተሻግረው፣ ነጠላቸው ገሾው ላይ እየተያዘ ገቡ። ጓሮው በሙሉ ተርፏል እንዳይባል፣ አልተረፈም፤ «ምራት» ጠቁራለች፣ የባልደራሱ እኅት ዛፍም ደርቃለች። ግን ከደረቀችው አጠገብ ሌላዋ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ ቀልታ ቆማለች። የትኞቹም ሁለት ዛፎች አይመሳሰሉም። ግራዝማች ከሁሉ የገዘፈችውን፣ ቅጠሏ የሚያብረቀርቀውን በከዘራቸው ነክተው «ዘር ከዚህ ይወሰድ» ብለው አዘዙ።

«እሷን አይውሰዱ ጌታዬ።»

የተናገረችው የግጥም አመላላሿ ናት፤ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች። ጸጥ አለ።

«ዘንድሮ ያማረባት ዋንዛው ስላጠለላት ነው። እናቷ ጫካ ውስጥ ከታች ምንጩ ጋ ናት፤ አምና ፍሬዋ ጠቁሮ ነበር። ይልቅ አኩራፊዋን ይውሰዱ። ማለዳ ተነሺንም። የእኅትየውንም።»

«የማን እኅት?» አሉ ግራዝማች። የማሳው አለቃ መሬት መሬት አየ።

«አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

ሴቲቱ መናገር ጀመረች። ለየዛፉ የተገጠመውን ግጥም ነው የምትለው፤ ምንጩም፣ ኮረብታውም፣ አምጪዋም፣ ዓመቱም ግጥሙ ውስጥ አሉ። ከዚህ ዛፍ ወደዚያ ዛፍ እየሄደች ሁለት ሁለት መስመር ትላለች። ጸሐፊው ተጠርቶ መዝገቡን ይዞ ከኋላ ከኋላ እየሮጠ ጻፈ፤ አልደረሰባትም። ቀለሙ አልቆበት ለማምጣት ሲሄድ እሷ ስድስት ዛፍ አልፋ ነበር።

ከጓሮው የተለቀመው ዘር ወደ ጎሬ፣ ወደ ሁሩሙ፣ ወደ ያዮ ሄደ። ተዘራ፣ በቀለ፣ አፈራ። ገበያ ላይ ሲጠሩት «የግራዝማች ቡና» አሉት። ከብዙ ዘመን በኋላ የግራዝማች የልጅ ልጅ ቡናውን የተከለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ መዝገቡን ገለጠ። «ከጓሮ የተገኙ» የሚል ገጽ አገኘ። አምጪ፦ የበጅሮንዱ ልጅ። አምጪ፦ የባልደራሱ እኅት። አምጪ፦ የእገሌ እናት። ቃል የሰጠች፦ ያቺ ልጅ። የዛፎቹን ስም ጸሐፊው የሴት ቀልድ ነው ብሎ አልጻፈውም፤ ቁጥር ሰጥቷቸዋል።

ምሳሌው ይኸው ነው። ግራዝማችና ሰዎቻቸው የፈጠራ ናቸው፤ ፍሬ የሚያጠቁረውም በሽታ በጋምቤላው መርከብ ዘመን አልነበረም፣ እኔ ነኝ ያቀራረብኳቸው። ቡናው ግን እውነት ነው። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የጅማው የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ሲወጣ፣ በ1974 መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከምትባል መንደር እናት ዛፎች አገኘ። ዛሬ በሰፊው ከሚተከሉት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ከዚያ የመጡ ናቸው። 74ቱ ዓመቱ ነው፤ የቀረው የዛፉ ተራ ቁጥር።

ሰዎቹን ግን ከእውነተኛ ታሪክ ነው የቀዳኋቸው፤ በጅሮንዱና ልጁ ከጃፓን ናቸው። ከሺህ ዓመት በፊት በሄይአን ዘመን፣ ዛሬ ኪዮቶ በምትባለው መናገሻ፣ የቤተ መንግሥት ወንድ ሕጉንም ታሪኩንም የሊቅ ግጥሙንም የሚጽፈው በቻይንኛ ነበር። የፊት ለፊቱ ማሳ እሱ ነው። የአገሩ ቋንቋ በቀላል ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ፊደሉም የሴት እጅ ይባል ነበር። ወንዶቹ ለፍቅር ግጥም ሲሆን በዚሁ ይጠቀማሉ፤ ቁም ነገር የሚሉትን ግን በአብዛኛው አይጽፉበትም። ኪ ኖ ጹራዩኪ የተባለው ትልቅ ገጣሚ በ935 አካባቢ የጉዞ ማስታወሻውን በአገሩ ቋንቋ መጻፍ ሲያምረው፣ ጸሐፊዋ ሴት ናት ብሎ ጻፈው፤ የእኅቴ ናት በሉ ያለው አለቃ እሱ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች ግጥማቸውን በወቅቱ አበባ ቅርንጫፍ ላይ አስረው ይላላኩ ነበር። ሙራሳኪ ሺኪቡ ወንድሟ ቻይንኛ ሲማር አጠገቡ ሆና ቀድማው ትይዝ እንደነበረ፣ አባቷም ወንድ ባለመሆኗ ያዝን እንደነበረ ራሷ በማስታወሻዋ ጽፋለች። በ1000 ዙሪያ የጻፈችው «የጌንጂ ታሪክ» ዛሬ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ቁንጮ ነው፤ የዚያን ዘመን ወንዶች የቻይንኛ ግጥም የሚያነበው በአብዛኛው የሙያው ሰው ነው። ትክክለኛ ስሟን ግን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ሺኪቡ የአባቷ የሥራ ክፍል ነው፤ ሙራሳኪ ራሷ የፈጠረቻት ገጸ ባሕርይ ናት። ሴይ ሾናጎንም እንዲሁ፤ ሾናጎን የሹመት ስም ነው። የትዳሯን መከራ በማስታወሻ የጻፈችው ሌላዋ ትልቅ ደራሲ እስከ ዛሬ «የሚቺጹና እናት» ትባላለች። ልጁ ሚቺጹና የሚታወሰው በእናቱ መጽሐፍ ነው፤ እሷ የምትጠራው በልጇ።

ግጥም አመላላሿ ግን ጃፓናዊት አይደለችም። የሄይአን ሴቶች የመኳንንት ልጆች ናቸው፤ ተሽጣ የመጣች ልጅ እነሱ ጓዳ ውስጥ ብትኖር ወረቀት አትነካም። እሷን ያገኘኋት እዚሁ ነው። ከመቱ በቅርብ ርቀት ባለችው በሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ ሂካ የተባለ ልጅ ተወለደ። በልጅነቱ ተሰርቆ ደጋግሞ ተሸጠ፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰው እሱ ነው፤ አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው በ1899 ታተመ። ነገር ግን በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ ሰው የቋንቋውን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆና፣ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ጀልባዋን የጣልያን መርከቦች አስቁመው ያስጣሏት ናት። ምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በእምኩሉ፣ ፊደል ቆጠረች። ትርጉሙ የተቃናበትን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ያጠናቀረችው እሷ ናት። አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ጻፈች፤ ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የንባብ መማሪያ መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ነው። በዚያን ጊዜ ለደብዳቤም ለዳኝነትም አማርኛ፣ ለቅዳሴና ለቅኔ ግዕዝ በሚባልበት አገር፣ ኦሮምኛ አይቆጠርም ከተባለው ጓሮ ነበር።

የፊት ለፊቱ ማሳ ለሴት ፈጽሞ ዝግ ነበር ማለቴ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው የተማሩትን የግዕዝ ቅኔ ወንበር ዘርግተው አስተምረውበታል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ምሳሌ ይፈልጋል። አስቴርም ቢሆን ከሚቺጹና እናት የተሻለ ዕድል ገጥሟታል፤ የ1894ቱ መጽሐፍ ሲመዘገብ ስሟ ከኦኔሲሞስ ስም ጋር ይጻፋል። በእኔ ግምት ያንን ስም የዘነጋው መዝገቡ ሳይሆን አንባቢው ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ስለ ኦኔሲሞስ የሚያወራ ሰው አላጣሁም፤ ስለ መዝገበ ቃላቱ ስጠይቅ ግን «አንዲት ሴት ታግዘው ነበር» የሚል መልስ ነው የማገኘው።

የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ ሁሩሙ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ያዮ ወርዳችሁ የሰርግና የእሹሩሩ ዘፈን ከእናቶች ስትቀርጹ፣ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 7» ወይም «የእገሌ እናት» ብላችሁ አትለፏቸው። አዴ ብላችሁ ካከበራችኋቸው በኋላ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠይቁ፤ ሲፈቅዱም ከግጥማቸው በላይ ጻፉት።